ገበታው አለ፤ ጠራቢውስ?

ከዓመታት በፊት ነው፤ ወረኢሉ ላይ አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ገባን። የወረኢሉን ብርድ የቀመሰ ሰው፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንግዳ ሁሉ ወደ ምድጃው እንዴት እንደሚጠጋ ያውቀዋል። እኔ ግን ዓይኔ ደጅ ደጁን ያያል። በሩ አጠገብ ዶሮዎች ከአንድ ነገር ውስጥ ውሃ ይጠጣሉ። ወጣ ብዬ ሳየው ገበቴ ነው። ከአንድ ወፍራም ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ውስጡ በስንት ዘመን ሊጥና በስንት ሴት መዳፍ ታሽቶ የለሰለሰ፣ የተሰነጠቀ ከንፈሩ በሽቦ የተሰፋ አሮጌ ገበቴ።

«እማማ፣ ይሄ የማን ሥራ ነው?» አልኳቸው የቤቱን እመቤት።

«የአማቴ ነበረ፣ ልጄ። እኔም ስንት ዓመት አቡክቼበታለሁ።»

«አይ፣ የሠራውን ሰው ማለቴ ነው።»

እማማ ሳቅ አሉ። «የሠራውንማ ማን ያውቃል! እንጨት እኮ ነው።»

ቡናችንን ጠጥተን፣ ተመርቀን ወጣን። ይቺ «እንጨት እኮ ነው» የምትል ንግግር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። እማማን አልወቅሳቸውም። እሳቸው የተናገሩት የአገሩን ሁሉ ሐሳብ ነው። የታሪክ መጻሕፍቶቻችንም ስለ እንጨት ሠራተኛ ቢጠየቁ፣ የሚመልሱት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እስቲ ከራሷ ከወረኢሉ እንጀምር። አንባቢ ወረኢሉን የሚያውቃት በዓድዋ ክተት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር ያደረጓት ይህች የወሎ ደጋ ከተማ፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም በታወጀው ክተት የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ከትቶ እንዲጠብቅባት ተመረጠች። ማን ራስ፣ ማን ደጃዝማች እንደዘመተ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ መቼ እንደተነሡ፣ በየት በኩል እንዳለፉ ተጽፏል። መጻፉም ደግ ነው።

አሁን ደግሞ ያንን ሰፈር በአናጢ ዓይን እንየው። ድንኳኑን ያቆመው የእንጨት ምሰሶ ነው፤ ወጥሮ የያዘውም የእንጨት ካስማ ነው። የፈረሱና የበቅሎው ኮርቻ ቆዳው ቢገፈፍ ውስጡ እንጨት ነው። የጦሩ ሶማያ እንጨት ነው። ስንቁ የተወቀጠበት ሙቀጫና ዘነዘና፣ ሊጡ የተቦካበት ገበቴ፣ ካህናቱ የያዙት መቋሚያና ከበሮ፣ ሁሉም እንጨት ነው። ጠመንጃውስ? እሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የየት አገር ሥራ እንደሆነ፣ ማን እንዳስመጣው፣ በማን ወደብ እንደገባ ዛሬም ድረስ እየተመረመረ ይጻፋል። ኮርቻውን የጠረበው ሰውዬ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም። ዓድዋ የተሄደው በእሱ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ መሆኑን ማን ያስታውሳል? እንጨት እኮ ነው!

ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን «እንጨት» የሚባል አንድ ነገር የለም። የደጋው ሰው ዛፉን የሚያውቀው እንደ ቤተ ሰብ፣ በየጠባዩ ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ለዱላ፣ ለዘነዘና፣ ለምሳር እጀታ ይሆናል። ጭሱ እንኳ ስለማይጣል የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠንበታል። ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤትና ለበር ይፈለጋል። ኮሶ አበባው የሆድ መድኃኒት፣ ቀላ ያለ እንጨቱ ደግሞ የቤት ዕቃ ነው። ሞፈርና ቀንበር፣ ድግርና እርፍ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምርጫ አላቸው፤ ቀንበር የበሬ ትከሻ እንዳይልጥ መቅለልና መለስለስ አለበት፤ ድግር ደግሞ ከድንጋይና ከአፈር ጋር ሲፋተግ ስለሚውል ጠንካራ ይሻል።

ለገበታና ለገበቴ ግን የሁሉ አለቃ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ፍሬው ቢጫ፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ የእረኛ ልጅ ሁሉ ጣቱን እየላሰ የሚበላው ጣፋጭ ነው። እንጨቱ ለስለት የሚታዘዝ፣ ሳይከብድ የሚበረታ ነው። ችግሩ፣ ዋንዛ የወይናደጋ ዛፍ ነው። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በወረኢሉ ብርድ አይመቸውም። እንግዲህ ወረኢሉ ቤት ውስጥ የዋንዛ ገበቴ ካያችሁ፣ በሰው ትከሻ ወይም በአህያ ጀርባ ዳገቱን ወጥቶ የመጣ ነው ብላችሁ ገምቱ። አንድ ሊጥ ማቡኪያ ደጋውንና ቆላውን የሚያገናኝ የንግድ ታሪክ አለው ማለት ነው።

ወሎ ደግሞ ወሎ ነውና እንጨቱ ሃይማኖት አይለይም። አንዱ ጠርቦ ያወጣው ሰሌዳ ቁርኣን ቤት ገብቶ ሉሕ ይሆናል፤ ደረሳው በቀለም ይጽፍበታል፣ ያጠናዋል፣ አጥቦ እንደገና ይጽፍበታል። ሌላው ቅኔ ማኅሌት ገብቶ መቋሚያ ይሆናል። ሁለቱም የተቆረጡት ግን ከአንድ አገር ዛፍ ነው።

የጠራቢው ጥበብ ከባዱ ክፍል መቁረጡ አይደለም፣ ማድረቁ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በአንድ በኩል ቶሎ፣ በሌላ በኩል ዘግይቶ ስለሚሰበሰብ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠራቢው ግንዱን ገና እርጥብ ሳለ በምሳር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሆዱን በመጥረቢያና በመሮ ይፈለፍለዋል፤ ግን አይጨርሰውም። ወፍራም አድርጎ ይተወውና ፀሐይና ነፋስ ከማያገኘው ቦታ ያኖረዋል። ቅቤ ወይም ዘይት ያጠጣዋል። ሲረጋጋ ተመልሶ ያሳሳዋል፣ ያለሰልሰዋል። የቸኮለ ጠራቢ የሚሸጠው ስንጥቅ ነው።

ይህ ብልሃት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ደቡብ ፔካን የሚባል ዛፍ አለ። እንደ ዋንዛ ፍሬው ይበላል፣ እንጨቱም ይሠራበታል። ከዋንዛ ግን በጣም ይከብዳል፣ ይጠነክራልም። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1919 ምልክት ዛፏ አድርጋዋለች። ማዕበል የጣለውን ወይም አርጅቶ የደረቀውን ፔካን ወደ ቶርኖ አምጥተው ሳህን፣ ጎድጓዳ ዕቃና እጀታ የሚያወጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ቶርኖ እንጨቱን አሥሮ ያሽከረክራል፤ ሰውየው ቆሞ ስለቱን ደገፍ አድርጎ ያስጠጋል። የኛ ጠራቢ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እንጨቱ ይቀመጣል፣ ዟሪው ሰውየው ነው! ምክራቸው ግን አንድ ነው። የፔካን ሠራተኞችም ዕቃውን እርጥብ ሳለ የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ወፍራም አድርገው ያወጡታል፤ ሰም ቀብተው ለወራት ያቆዩታል፤ ከደረቀ በኋላ ተመልሰው ይጨርሱታል። የቴክሳሱና የወሎው ጠራቢ ሳይተዋወቁ አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። አስተማሪያቸው የተሰነጠቀ እንጨት ነው።

ታዲያ ቶርኖ እኛ ዘንድ ለምን ዘገየ? ዕቃው እንደሆነ አዲስ አይደለም። እዚሁ ዓባይ ወንዝ ታች፣ በግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ተሥለዋል። አንዱ በገመድ እንጨቱን ያዞራል፣ ሌላው ስለት ይዞ ይሠራል። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ የራሳችን ቤት ነው። አክሱም ላይ «የጡብ ቅስቶች መቃብር» በሚባለው ስፍራ ከተገኙት የዝሆን ጥርስ ሥራዎች መካከል እየተሽከረከሩ የተቀረጹ ይገኙባቸዋል። ከ1,600 ዓመታት በፊት የአክሱም ባለ እጅ ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላስ? ሸክላ ሠሪዎቻችን እስከ ዛሬ ምጣዱንና ጀበናውን ያለ መዘውር፣ በእጃቸው እየዞሩ ይሠሩታል። በየቤቱ ሲሽከረከር የኖረው የእናቶቻችን እንዝርት ነው። እንዝርት በእያንዳንዱ ቤት ስለነበረ፣ እናት ለልጅ ስላስተማረች አልጠፋም። የዝሆን ጥርሱ ጥበብ ግን ከጌቶች ጋር መቃብር ገባ። ከዚህ የምንማረው፣ ጥበብ የሚኖረው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንጂ በደንብ ስለተቀበረ አለመሆኑን ነው።

ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ ያደረገውን አንዱን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መናገር ግን አንወድም። ባለ እጅን እንሰድብ ነበር። ብረት የሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የሠራችውን ቡዳ አልን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል፤ ያልበዛ ስድብ አዋጅ አይወጣለትም። እንጨት ሠሪውም በየአገሩ ዕጣው ይለያይ ነበር። በጉራጌ ምሰሶ የሚያቆሙትና እንጨት የሚጠርቡት ሰዎች «ፉጋ» ተብለው ከጋብቻና ከማኅበር ተገልለው ኖረዋል። ያ ምሰሶ ባይቆም ግን ያ የሚያምር ጎጆ አይኖርም ነበር። በአማራው ደጋ ደግሞ ገበሬው ራሱ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን ስለሚጠርብ እንጨት መጥረብ እንደ ብረት ሥራ አላሰደበም። አላስከበረምም። ሁሉም ሰው የሚችለው ሥራ ተባለና ከሁሉም የተሻለው ሠራተኛ ስም ሳያገኝ ቀረ። የተሰደበ ሰው ቢያንስ ስድቡ ይቀመጥለታል፤ የወረኢሉ ጠራቢ እሱም የለው።

ወደ ፔካን ልመልሳችሁ፤ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 መካከል በሉዊዚያና፣ ኦክ አሊ በሚባል የሸንኮራ እርሻ ላይ አንትዋን የሚባል አትክልተኛ ነበር። አንትዋን ባሪያ ነበር፤ ከበሬውና ከማረሻው ጋር እንደ ንብረት የሚቆጠር ሰው። በዚያን ጊዜ ፔካንን ከዘር ብታበቅለው ልጁ እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ትልቅ ፍሬ፣ ሌላው ትንሽ፣ አንዱ ስስ ቅርፊት፣ ሌላው ድንጋይ ይሆናል። ሌሎች ሞክረው ያቃታቸውን አንትዋን ቻለው። ምርጥ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ወስዶ በሌላ ግንድ ላይ አዳቀለ፤ 16 ዛፎች ያዙለት። ፍሬው እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ በአሜሪካ የነጻነት መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ ተደነቀ፤ ዝርያውም «መቶኛ ዓመት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣለት። ዛሬ የምናየው ሰፊ የፔካን እርሻ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ባሪያ ቢላዋ ነው።

የአንትዋን የአባት ስም አይታወቅም። መልኩን የሚያሳይ ሥዕል የለም። ቢሆንም «አንትዋን» የምትለዋ አንዲት ቃል ተርፋ፣ ስለ ፔካን ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ትነሣለች። ባሪያ አድርጎ የገዛው ሥርዓት እንኳ ስሙን ጨርሶ ማጥፋት አልቻለም። እኛ ማንንም በሰንሰለት ሳናስር የገበቴ ጠራቢዎቻችንን ስም በሙሉ ማጥፋት ችለናል። ይህ የሚያኮራ ችሎታ አይደለም።

ቶርኖ ወደኛ ሲመለስ ታዲያ የውጭ ስም ይዞ መጣ። የአናጢ ቤት ቋንቋን አድምጡ፤ ቶርኖ፣ ሰጋቱራ፣ ካቻቪቴ፣ ኮላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በዓድዋ የተመለሰው ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቆየበት ጊዜና ከዚያም በኋላ አገራችን በቀሩት ባለ እጆች አማካይነት፣ መሣሪያው ከነስሙ ሰፈረ። ምሳር፣ መሮ፣ መጋዝ፣ መላጊያ ግን በአማርኛ ስማቸው አሉ። የአናጢ ዕቃ ሣጥን ብትከፍቱ አሮጌውና አዲሱ ታሪክ ጎን ለጎን ተኝተው ታገኛላችሁ። በ1934 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት የእጅ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ያለው ትምህርት ሆነ። ከዚያ በኋላ እግሩ በቶርኖ የወጣ አልጋ ለሙሽራ ቤት ማዕረግ ሆነ። አያቶቻችን ያንን አልጋ ሲያሳዩ «የቶርኖ ሥራ ነው» ይሉ ነበር እንጂ «የእገሌ ሥራ ነው» አይሉም። ማሽኑ ስም አገኘ፤ ሰውዬው አሁንም አላገኘም።

በዚህ መሐል ዛፉም እያለቀ ነው። ምኒልክ ዘመን ላይ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ወሎንም ለቤት ማገርና ለማገዶ ደርሶላታል። ውለታውን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሲደርቅ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ ስለሆነ ገበቴ አይወጣውም። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ለይቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በ1999 እና በ2010 ዓ.ም ሌሎች አዋጆች ተተክተውለታል። ሕግ ደግ ነው፤ ሕግ ግን ችግኝ አያጠጣም። ከመካነ ሰላም ወዲያ ያለው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ መከለሉ ለደጋው ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ውጪ ግን አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ነው። «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገሬ ሰው። ያልወደቀውም አልተረፈ!

የገበቴውን ቦታ የያዘው ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋ ነው። ሳፋ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ አይሰነጠቅም። እናቶቻችን በሳፋ አቡክተው ወገባቸው ካረፈ፣ እኔ ከተማ ቁጭ ብዬ «ገበቴ ተሸከሙ» ብዬ አልፈርድባቸውም። የሚያሳዝነኝ ሳፋው መግባቱ ሳይሆን፣ ገበቴው ሲወጣ ማንም «ማን ሠራህ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ቃሉ ግን ከብሯል። በግንቦት 2011 ዓ.ም «ገበታ ለሸገር» ተብሎ ቤተ መንግሥት እራት ሲበላ የአንድ ሰው ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ቀጥሎም «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ለሙ። ከገበታ የሚበልጥ ስም አልተገኘም፤ ለምን ቢባል ገበታ ላይ የሚቀርብ ሰው ወገን ነዋ። እኔም ስሙን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግን ያን ጊዜ በልቤ ያ የወረኢሉ ገበቴ መጣብኝ። ስሙ ቤተ መንግሥት ገብቷል፤ እሱ ደጅ ቆሞ ዶሮ ያጠጣል።

ምን እናድርግ ታዲያ? ሐውልት አልጠይቅም። ሁለት ትንንሽ ነገር ግን አለኝ። አንደኛው፣ በየወረዳው እንጨት ሥራ የሚያስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ወጣቱን ቶርኖ ሲያስተምሩት፣ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ጠርተው ከጎኑ ያስቀምጡለት። ወጣቱ ማሽኑን ያውቃል፤ ሽማግሌው እንጨቱን ያውቃል። በዚያው የሚተክሉት ችግኝም ሁሉ ባሕር ዛፍ ብቻ አይሁን። ዛሬ የተተከለ ዋንዛ ገበታ የሚሆነው ለልጆቻችን ነው፤ የተበላበት ገበታም የተተከለው በአያቶቻችን ዘመን ነበር።

ሁለተኛው ከዚህም ይቀላል። እናት ቤት ስትሄዱ ጓዳ ግቡ። ገበቴውን፣ በርጩማውን፣ ሙቀጫውን አንሡና «የማን ሥራ ነው?» በሉ። አማት ከሞቱ ምራት ታውቅ ይሆናል፤ ምራት ከሞተች የሚያውቅ የለም። ስሙ ከተገኘ ግርጌው ላይ ጻፉት።

እኔ ያን ቀን ወረኢሉ ላይ ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። ስንወጣ ግን እማማ በራፉ ላይ ቆም ብለው ገበቴውን አየት አደረጉትና «እንዴ፣ አማቴ ግን አንድ ጊዜ የነገሩኝ ነበር... የዚያ የቆላው ሰውዬ ስም...» አሉ። ግንባራቸውን ያዝ አድርገው ትንሽ አሰቡ።

አልመጣላቸውም።